የመሪጌታው ጆሮ የተደፈነ ሰሞን

ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ በጥቅምት ወር ነው። ዓመቱን ቆርጬ መናገር አልችልም፤ ወሩን ግን አልረሳውም፣ የጽጌ ጾም ነበርና። ያን ሰሞን አባቴን ዋሽቻቸዋለሁ። በእኔ ውሸት እግዚአብሔር የእሳቸውን ጆሮ የነሳ መስሎኝ ስንት ቀን እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አባቴ ከወረታ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። እናቴ ከሞተች በኋላ የሚያያቸው ስላልነበረ፣ እኔም ትዳሬ አልሆን ብሎኝ ስለነበር፣ ተመልሼ አብሬያቸው እኖር ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ የፎገራ ሜዳ ውኃውን መምጠጥ ሲጀምር ንዳድ ይገባል። የዚያ ዓመቱ ግን የባሰ ነበር። አባቴም ተያዙ። ጋቢ በጋቢ ላይ ብደርብባቸው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል፤ ወዲያው ደግሞ በላብ ይጠመቃሉ። በአራተኛው ቀን በሟች እናቴ ስም ጠሩኝ። ያኔ ፈራሁ።

ወረታ አጠገብ ሚሲዮኖች የከፈቷት ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ነበረች። ድሃ በነጻ ይታከምባታል። ታዲያ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ወንጌል ይነበባል፤ በሽተኛው ሁሉ ቁጭ ብሎ ይሰማል። በዚህ የተነሳ የእኛ ካህናት አይወዷትም። መርፌያቸው ሃይማኖት ያስለውጣል የሚልም አልጠፋም። አባቴ ደግሞ ያለ ነፍስ አባታቸው ፈቃድ ደጇን እንደማይረግጡ ከተናገሩ ቆይተዋል።

ነፍስ አባታችንን ፍለጋ ብሄድ ቤታቸው ዝግ ነው። ጎረቤቱም በንዳድ ተኝቶ የት እንደሄዱ የሚነግረኝ አጣሁ። ተመለስኩ። ጠዋት ላይ ትኩሳቱ በረድ ሲልላቸው ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ “አባየ፣ የነፍስ አባትዎ ፈቅደዋል። መድኃኒትም ከእግዜር ነው፣ ይሂዱ ብለዋል” አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ “እንግዲያስ በቅሎይቱን አስጭኚ” አሉ።

ክሊኒኩ ውስጥ የምታክመው አንዲት ቀጭን ፈረንጅ ነበረች፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ወንጌሉን የሚያነበውም፣ የሚተረጉምላትም ድሬሰር የሚባለው አበሻ ረዳቷ ነው። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሲያልቅ ወደ እኔ ጠጋ ብለው “ንባቡስ ደኅና ነው፤ ዜማ ግን የለው” አሉኝ። ታመውም መምህር ናቸው!

ሲስተር ደማቸውን መረመረችና የወባ ኪኒን ሰጠችን። ድሬሰሩ “ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት፣ እህል ቀምሰው ይዋጡ” አለን። እሺ ብለን ወጣን። ስለ ጾም እነሱም አልጠየቁን፣ እኛም አልነገርናቸው።

አባቴ የጽጌን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾሙት። የታመመ አይጾምም ብላቸው ተቆጡ። “እህልም መድኃኒትም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት አፌ አይገባም። ስድስቱንም ያኔ አምጪልኝ፤ የሚገባው ያው አንድ ሆድ ነው” አሉ። እኔም እውነት መሰለኝ። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስድስት ኪኒን በመዳፌ ይዤ አቀርብላቸው ጀመር።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። እልል ልል ስል ግን “ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገብቷል” አሉኝ። በማግስቱ ባሰ። በአምስተኛው ቀን ከኋላቸው ቆሜ ብጣራ፣ ብጣራ፣ ዞር አላሉም።

ተማሪዎቻቸው መጥተው ሲያዜሙ አባቴ አፍ አፋቸውን ያዩ ነበር። ትንሽ ቆይተው እጃቸውን አነሱና አስቆሟቸው። “ሂዱ፣ ሌላ መምህር ፈልጉ። ዜማ በዓይን አይታረምም” አሉ። ተማሪዎቹ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አባቴ ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ውኃ ስቀዳ አንዲት ጎረቤታችን “የሚሲዮን ስብከት የሰማ ጆሮ መጨረሻው ይኸው ነው” አለች፣ እኔ እየሰማኋት። ከእሷ ጋር አልተጣላሁም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አባቴን በውሸት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ።

እንስራዬን ቤት አስቀምጬ በእግሬ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ልሳደብ ነበር የሄድኩት። ሲስተር ግን አልተቆጣችም፤ ኪኒኑን እንዴት እንደዋጡ ጠየቀችኝ። “ስድስቱንም አንድ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ” አልኩ። ድሬሰሩ ሲተረጉምላት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

“በጾም ጊዜ መቼ እንደምትበሉ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች” አለኝ ድሬሰሩ። ጆሯቸውን የደፈነው መድኃኒቱ በአንዴ መብዛቱ ነው፤ ኪኒኑ ይቁም፤ ጆሮው ብዙ ጊዜ ይመለሳል አለች። እርግጠኛ ናት ወይ ስለው ጠየቃት። ይመለሳል ብላ ተስፋ እንደምታደርግ፣ እንደምትጸልይም ነገረችኝ። ትልቅ ሰው “ጥፋቱ የኔ ነው” ሲል የሰማሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። ስድቤ አፌ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ድሬሰሩ ኪኒን ከመስጠቱ በፊት “ጾመኛ ነህ?” ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉ።

እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ኪኒኑ ከቆመ ከሳምንት በኋላ አባቴ ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀምጬ ሽንብራ እለቅማለሁ። ሆዴ አልችል አለኝ። እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ቀና እንኳ ሳልል ለፈለፍኩት። “አባየ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ነፍስ አባታችንን አላገኘኋቸውም። የፈቀዱም እሳቸው አይደሉም፣ እኔ ነኝ። እግዜር እኔን መቅጣት ሲገባው እርስዎን ቀጣብኝ” አልኩ።

“ጮክ በይ፤ መጨረሻው አልተሰማኝም” አሉ አባቴ።

ሽንብራው ከነሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ።

“ነፍስ አባቴማ ሳልታመም ነው ተሰናብተውኝ ጣራ ገዳም የሄዱት” አሉ። “እስከ ኅዳር አይመለሱም። አንቺ ከየት አገኘሻቸው?”

“እያወቁ ነው የሄዱት?” አልኩ።

“መሞት ፈርቼ ነበር፣ ልጄ። አንቺ ባትዋሺልኝ እኔው ልዋሽ ነበር” አሉኝ።

ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ጆሯቸው እያደር ጠራ፤ ተማሪዎቹም ተመለሱ። ነፍስ አባታችን ከገዳም ሲመለሱ ሁለታችንም ንስሐ ገባን፤ እኔን ሃምሳ ስገጂ ሲሉኝ አባቴን መቶ አሏቸው።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ። ልጄ “ለምርመራ ብቻ ነው እማየ፣ ወዲያው እንመለሳለን” እያለች ሐኪም ቤት ስትወስደኝ ውሸቷ ፊቷ ላይ ይታየኛል። አልጠይቃትም። ነጠላዬን ለብሼ እከተላታለሁ።