ረጅሙን ልጅ ልናሰናብት የሄድን ዕለት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ የሚጠይቀው ልጅ አለን፤ «ቅርጫት ኳስ ትጫወታለህ?» ይሉታል። ቁመቱ ሁለት ሜትር አልፏል፤ በደረጃችን በር ሲገባ ጎንበስ ካላለ ግንባሩ ይመታል። አዎ፣ ይጫወታል። ችግሩ አንድ ቀን ተጫውቶ ሌላ ቀን አለመጫወቱ ነው። አንድ ቅዳሜ ከቅርጫቱ ሥር ቆሞ የመጣውን ኳስ ሁሉ ከሰማይ ይለቅማል፣ የተቃራኒን ሙከራ በመዳፉ ይመልሳል፣ ቡድኑም በደስታ ያብዳል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ያው ልጅ፣ ያው ጫማ፣ ያው ሜዳ፤ እጁን አንጠልጥሎ ይቆምና ኳሷ በአፍንጫው ሥር ስታልፍ በትሕትና ያሳልፋታል።

እኔ የዚያው ቡድን አንጋፋ ነኝ። ዕጣ ወጥቶልን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ከገባን ጀምሮ ከቅርጫቱ ሥር የምቆመው እኔ ነበርኩ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ጉልበቴ ከመንቋቋቱ የተነሳ ገና ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሳለሁ ሚስቴ በድምፁ ታውቀኝና የሦስተኛውን በር ትከፍትልኛለች። ቢሆንም ቅዳሜ ጠዋት ማሊያዬን ስለብስ ሃያ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው እውነቱን ልናገር፦ ልጁ ይሰናበት ከሚሉት ሁሉ ድምፄ የሚጎላው እኔ ነበርኩ። ልጁ አንድ ቀን የምር መጫወት ከጀመረ እኔ እንደምቀመጥ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ጉዳዩ የተነሳው የብሎኮች ውድድር ሲቃረብ ነው። ለውድድሩ የሚመዘገበው አሥራ ሁለት ስም ብቻ ነው፤ እኛም ልክ አሥራ ሁለት ነበርን። በዚያው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ የሚሠራ አንድ ሰው ብሎካችን ውስጥ ተከራየ። ቁመቱ መካከለኛ ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ የራሱ ኳስ አለው፣ በየቅዳሜው ደግሞ ከፍም ዝቅም ሳይል አንድ ዓይነት ይጫወታል። እሱን ለማስገባት አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። ማን ይውጣ ሲባል የሁሉም ዓይን ወደ ላይ፣ ወደ ረጅሙ ልጅ ተነሳ።

ሌላ ሰፈር ቢሆን ይህ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። እኛ ግን የፍርድ ቤት ጎረቤቶች ነን። እኔ የምሠራው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ኳስ የሚያቀብለን ጓደኛችን ጠበቃ ነው፤ የተቀረውም ከእኛ ጋር ሲውል ቋንቋችን ተጋብቶበታል። ስለዚህ ልጁ ወደ ቤቱ ሲገባ እየጠበቅን ደረጃ ሥር እንሰየም ጀመር። ጠበቃው ለልጁ ቆመ፣ እኔ ከሳሽ ሆንኩ፣ አሠልጣኛችን ዳኛ ሆኑ። አሠልጣኛችን ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ ሁላችንም «ቲቸር» እንላቸዋለን።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ጠበቃው ላቡን በማሊያው እየጠረገ፣ «ቁመት በልምምድ አይመጣም፤ የቀረው ሁሉ ይመጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን!»

«ቁመትማ የመብራት ምሰሶም አለው» አልኩ እኔ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ በራሴ ኮራሁ።

ቲቸር ራሳቸውን አከክ አከክ አድርገው «ተጨማሪ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጥሯል» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ግሩም ሆኖ ዋለ፤ እኔ ለቅሶ ሄጄ ስለነበር በስልክ ነው የሰማሁት። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ደግሞ ቆሞ ዋለ፤ ጠበቃው አንገቱን ደፋ። እንዲህ እየተቀጠረ ወሩ አለቀ። እኔ የመዝገብ ቤት ልማዴ ሆኖብኝ ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፦ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ልጁ ስንት ኳስ ያዘ፤ እኔ የቀረሁበትንም ቀን በስልክ ጠይቄ እሞላለሁ። የስም ዝርዝሩ የሚገባበት ሰኞ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጁ እንዲሰናበት ተወሰነ። ጠበቃው ይግባኝ እላለሁ አለ፤ የሚባልበት ቦታ ግን አልነበረም።

ማን ይንገረው? እዚህ ላይ ጀግና ጠፋ። የልጁ እናት ከሕንፃችን ሥር ሱቅ አላቸው፤ እሳቸውን ያስቀየመ ሰው ዳቦ ለመግዛት አስፋልት ሊሻገር ነው። ቲቸር መፍትሔውን አመጡት፤ «ሽማግሌ ይላክ» አሉ። እሳቸው በሰፈራችን የታወቁ አማላጅ ናቸው፤ ከብሎካችን ባልና ሚስት ስንቱ በእሳቸው ሽምግልና የተጋባ ነው። እሳቸው፣ ጠበቃውና እኔ ሆነን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልንሄድ ተስማማን።

እሑድ ስንገናኝ ሦስታችንም፣ ሳንነጋገር፣ ሙሉ ልብስ ለብሰን መጥተናል። ቲቸር ከላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል። በሩን የከፈቱልን እናትየው ናቸው፤ ከእግር እስከ ራሳችን ቃኙን።

«እንዴ! ግቡ፣ ግቡ! ቁጭ በሉ እንጂ!»

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቲቸር ስንት ዓመት በሰው ቤት እየገቡ ለሰው ልጅ ሚስት ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። «አንቀመጥም» አሉ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም።» ጠበቃውና እኔም ምን እንደነካን አላውቅም፣ እጃችንን አጣምረን ከጎናቸው ቀጥ አልን። ሦስት ሰው፣ ሙሉ ልብስ፣ ነጭ ጋቢ፣ አንቀመጥም። እዚህ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቃል። ልጁ ደግሞ ታላቅ እህት አለችው፤ ተመርቃ ሥራ ይዛለች፣ አላገባችም።

የእናትየው ፊት በራ። ወዲያው ደግሞ ሻሻቸውን አስተካክለው ኮስተር አሉ፤ የሴት ልጅ እናት ቶሎ እሺ አትልማ።

«እንግዲህ ቤተ ዘመድ አለ፣ አጎቷም አለ» አሉ። «ሳላማክር መልስ አልሰጥም። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ቀጠሮ ሲባል የሰማው ጠበቃ በደመ ነፍስ ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብሎ ጻፈ። እግዜር ያሳያችሁ፤ ወንድ ልጃቸውን ከኳስ ልናባርር ሄደን ሴት ልጃቸውን ሙሽራ ለሌለው ሰርግ አጭተን ልንወጣ ነው! ሳቄ መጣብኝ፤ ከንፈሬን ነከስኩ። ቲቸርን ቀና ብዬ ሳያቸው የእሳቸውም ትከሻ ከጋቢው ሥር ይንቀጠቀጣል።

«እትዬ» አልኩ በመጨረሻ፣ «ለጋብቻ አይደለም የመጣነው። ስለ ወንዱ ልጅዎ ነው። ከቡድኑ ልናሰናብተው ወስነን ነው።»

 ከዚያ ከወጥ ቤት ሳቅ ፈነዳ። እህትየው በሩን ተደግፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

«ጋቢ ለብሳችሁ?» አሉ እናትየው። «ኳስ ለመከልከል ጋቢ? እኔ እኮ በልቤ ድንኳኑን ተክዬ፣ በጉን ሁሉ ገዝቼ ነበር!» ተቆጡ ስንል እሳቸውም ሳቅ አሸነፋቸው፤ እየሳቁ ሦስታችንንም በየትከሻችን ተጭነው ሶፋው ላይ አስቀመጡን።

ልጁ ተጠራ። በሩን ጎንበስ ብሎ ገባና ግድግዳ ታኮ ቆመ። ቲቸር ሳቃቸውን ውጠው «እስቲ ንገረን» አሉት፣ «አንዱን ቀን እንደዚያ ተጫውተህ ሌላውን ቀን የምትደነዝዘው ለምንድን ነው?»

«እኔ እንጃ፣ ቲቸር» አለ ጫማውን እያየ።

«ውሸቱን ነው!» አለች እህቱ። ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። እርስዎ ያሉ ቀን አይዘልም። እርስዎ እጅዎን ዘርግተው ካየ ኳሷን ይተውልዎታል። ‹ከጋሼ አናት ላይ እንዴት እነጥቃለሁ?› ሲል እዚህ ቤት እኛ ነን የምንሰማው።»

«ታዲያ ደግ አደረገ!» አሉ እናትየው። «እኔ ነኝ ያሳደግኩት። ታላቁ እጁን ሳይሰድ ትሪ ላይ የሚቀድም ልጅ የለኝም።»

ልጁን ሐፍረት ሊገድለው ደረሰ። እኔን የያዘኝ ግን የባሰ ነበር። ያንን ሁሉ ቅዳሜ የመብራት ምሰሶ እያልኩ ሰው የማስቅበት ልጅ ለካ ሲያከብረኝ ነው የኖረው። ውኃ ስጡኝ አልኩ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬን ገለጥኩ። ልጁ አንበሳ የሆነባቸውን ቅዳሜዎች አየሁ፦ እኔ ለቅሶ የሄድኩበት፣ የወንድሜ ልጅ የተዳረችበት፣ ጉልበቴ ያበጠበት። ልጁ የደነዘዘባቸውን አየሁ፤ ሁሉም ላይ ስሜ አለ። አንድ እንኳን የሚያፈርሰው እስካገኝ ገጽ በገጽ ፈለግሁ። አገኘሁ! እኔም እያለሁ፣ እሱም ደህና የተጫወተበት አንድ ቅዳሜ። እሰይ ብዬ ልነሳ ስል ያን ቀን ገና ጨዋታው ሲጀመር ቁርጭምጭሚቴ ታጥፎ ተደግፌ መውጣቴ ትዝ አለኝ። ደብተሩን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁና ሐሰተኛ ማስረጃ ነው ማለት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ ቡድኑን በአስቸኳይ ደረጃ ሥር ጠራሁ። የሆነውን ተናገርኩ፣ ደብተሩን አሳየሁ፣ «ልጁ ይቆይ፣ ባንከኛው ይግባ፣ የሚወጣው እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ተቃውሞ ጠበቅሁ። መቼም «ኧረ አይሆንም!» ይላሉ፣ ትንሽ ይለምኑኛል፣ እኔም እምቢ እላለሁ ብዬ ነበር። «ኧረ ጋሼ» አለ አንዱ ከወደ ኋላ፤ ያውም በቀስታ። ቲቸር «ጸድቋል» ብለው ተነሱ። በሕይወቴ እንደዚያ የፈጠነ ውሳኔ አይቼ አላውቅም።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ዕለት በሜዳው ዳር ሲሚንቶ ላይ፣ ሱሪና ሸሚዝ ለብሼ ተገኘሁ። ተጋጣሚያችን የወዲያኛው ብሎክ ነው፤ ከቅርጫት ሥር የሚያቆሙት ራሰ በራና ወፍራም፣ የእኔ እኩያ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ ስትነሳ ልጁ ሰውየውን አየ፣ አመነታ፣ ከዚያ «ይቅርታ ጋሼ!» ብሎ ጮኾ ከአናቱ ላይ ነጠቀው። ሰውየው በድንጋጤ «ምንም አይደል» አለ። ሜዳው በሳቅ አበደ፤ ከየበረንዳው ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። በሁለተኛዋም ይቅርታ ጠየቀ። ከሦስተኛዋ በኋላ ግን ትንፋሹን ለዝላዩ ያስቀምጠው ጀመር።

እኔ አበድኩ። ጮኽኩ፣ ዘለልኩ፣ ጉልበቴን ረሳሁት። መጨረሻው ላይ በአንድ ነጥብ እየመራን ኳሷ ከቅርጫቱ ብረት ተመልሳ ወደ ላይ ስትነሳ፣ ሳላውቀው እኔም እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ተነስቻለሁ። ልጁ አየኝ። በአየር ላይ የነበሩትን ሁለት ክንዶቹን አወረዳቸው። ራሰ በራው ኳሷን ያዘና አስቆጠረብን።

ቡድኑ በሙሉ፣ የጨዋታው ዳኛም ጭምር፣ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ሰውዬ!» አለ ጠበቃው ከመሀል ሜዳ፣ «በእግዜር ይዤሃለሁ!»

ልጁ ብቻ አልተቆጣም። ከሩቅ፣ ከዚያ ሁሉ ቁመቱ፣ የእኔን ፊት እያየ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ማሊያውን ማውለቄ አልበቃውም። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሁለት እጆቼን ከጭኖቼ ሥር አስገባሁና ባለ በሌለ ድምፄ «ቁጭ ብያለሁ!» ብዬ ጮኽኩ፤ «ይኸው፣ ቁጭ ብያለሁ!»

የመጨረሻዋ ኳስ ተወረወረች፣ ብረቱን መታች፣ ተነሳች። እሱም ተነሳ። እንደዚያ ከፍ ሲል እኔ በነበርኩበት ዘመን ሁሉ ያን ያህል ከፍ ብዬ እንደማላውቅ አየሁ፤ ቀናሁ፣ ደስም አለኝ። ኳሷን ይዞ ወረደና መልሶ አስገባት። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያጨበጭብ እኔ ብቻ እጄን ከጭኔ ሥር አላወጣሁም፤ ጨዋታው ገና ጥቂት ሰከንድ ይቀረው ነበር።