ሰሌዳው ላይ ያልተለካችው ከተማ

ከአቀበቱ አናት፣ በልብስ ሰፊውና በጫማ ጠጋኙ መካከል፣ ትከሻዋን አጥብባ የቆመች አንዲት ኢንተርኔት ቤት ነበረች። ባለቤቷን የሠፈሩ ሰው «እትዬ መስመር» ይላታል። ስሙ የወጣላት ድሮ ነው፤ ደንበኛው በሩን ከፍቶ ሁለተኛ እግሩን ሳያስገባ «መስመር የለም፤ ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ማለት ልማዷ ስለነበር። ሰውም ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደጁ ላይ ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነበር። ስንቱ በዚያ አግዳሚ ላይ ተዋውቆ ተጋባ፣ ስንቱ ተራ ተሻማኝ ብሎ ተኳረፈ፣ ስንቱ የማያውቀውን ሰው ደብዳቤ ሲነበብ ሰምቶ እንባውን ጠረገ። ዛሬ መስመሩ ሞልቶ ተረፈና ጠባቂው ጠፋ።

ከስድስቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሦስት ናቸው፤ ሰው የሚቀመጥበት ግን አንዱ ብቻ ነው። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር ጠዋት ጠዋት ልክ በሦስት ሰዓት መጥተው በበሩ በኩል ካለው ፊት ይቀመጣሉ። የሩቅ አገር ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሌላ ከተማ ለምታስተምረው ልጃቸው ይጽፋሉ፣ ከዚያ ምንም ሳይሠሩ እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያሉ። ሌላው ደንበኛ እንደ በጋ ዝናብ ነው፤ ከመጣ መጣ ነው። እትዬ መስመር ሱቋን የምትከፍተው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ለእሳቸው ነበር።

ግድግዳውን ግማሽ የያዘው ጥቁር ሰሌዳም የእሳቸው ነው። ትምህርት ቤቱ ነጭ ሰሌዳ ሲገዛ አሮጌውን በጋሪ አስጭነው አመጡት። ነገሩ የተጀመረው በክርክር ነበር። ባሕር ማዶ የምትሠራ አንዲት ነርስ ለእናቷ ስትጽፍ «እዚህ ኢንተርኔት እቤታችን ድረስ ይገባል፤ ርካሽ ነው» አለች። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንድ ጡረተኛ መርከበኛ «ውሸቷን ነው፤ ያ አገር ውድ ነው» አለ። የገንዘቡ ዓይነት እየተለያየ አልስማማ ሲሉ መምህሩ ጣልቃ ገቡ።

«ገንዘብን በገንዘብ አትመዝኑ። የወሩን ሒሳብ ለመክፈል ሰው ስንት ቀን መሥራት አለበት? እሱን ጠይቁ።»

«የምን ሥራ ጋሼ?» አለ መርከበኛው።

«የመምህር ነዋ። መምህር የሌለበት አገር የለም፤ ደሞዙ ወር ያደረሰው መምህርም የለም።»

ከዚያ ወዲህ የዓለም ኢንተርኔት ሁሉ በዚያች ጠባብ ቤት ሰሌዳ ላይ «በመምህር ቀን» ተተመነ። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ፣ ዘመዱ ጎረቤቱ ያለ አስተማሪ ፈልጎ ደሞዙን እንዲጠይቅ ይታዘዛል። አንዳንዱ አስተማሪ ተቆጣ፣ አንዳንዱ ሻይ ጋበዘ፣ አንዱማ ከጠያቂው ጋር ዘመድ እስከመሆን ደረሰ።

ፍጥነቱን የሚለኩት ደግሞ በአንድ ፎቶግራፍ ነበር። ሱቁ በተከፈተ ቀን የሠፈሩ ሰዎች በሩ ላይ ተሰብስበው የተነሱት ነው። ፎቶው ለሁሉም ይላካል፤ ተቀባዩ ሰዓቱን ይዞ እስኪከፈት ይቆጥራል። ያን ጊዜ ሥዕል እንዳሁኑ ብልጭ ብሎ አይመጣም፤ ከላይ ወደ ታች፣ እንደሚወርድ መጋረጃ፣ በጭረት በጭረት ነበር የሚወርደው። መጀመሪያ ሰማዩ፣ ቀጥሎ የጣሪያው ጠርዝ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር። ደሴት ላይ የሚኖር አንድ ወጣት የእናቱ ግንባር መጥቶ ዓይኗ ሳይመጣ መስመሩ ቀጥ አለበት። በኋላ የላከው መልስ ሰሌዳው ላይ እንዳለ ተጻፈ፦ «ወደ ሁለት መቶ ሰከንድ። ግምት ነው፤ ዓይኗ ሲመጣ ሰዓቱን ማየት ረሳሁ።»

ሰሌዳው ስንቱን አስገረመ። ሀብታም የተባለው አገር ውድና ቀርፋፋ ሆኖ ይገኛል፤ ካርታ ላይ በማጉያ መነጽር የሚፈለገው ደግሞ በግማሽ የመምህር ቀን እንደ ወፍ የሚበር መስመር ለሕዝቡ ዘርግቷል። መምህሩ እንዲህ ያለውን ሲጽፉ ጠመኔውን እንደያዙ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። «አርባ ዓመት ካርታ አስተምሬ ይህን አላውቅም ነበር» ይላሉ፣ እንደ ሕፃን እየተደነቁ።

ከሩቅ አዲስ ወሬ በመጣ ቁጥር የድሮው ይጠፋል፣ አዲሱ ይጻፋል። ከሥር በጥጉ ያለችው የገዛ ከተማቸው ግን መጀመሪያ እንደተጻፈች ቀረች፦ አሥራ አንድ የመምህር ቀን፣ አራት ደቂቃ። እሷን ልለካት ያለ ሰው አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ መምህሩ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ መጡ። ዝናብ ባራሰው አቀበት ላይ አዳልጧቸው ነው።

«ልጄ የቤት መስመር ካላስገባሁልህ ብላ ይዛኛለች» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ሰሌዳው ጥግ እየላኩ። «አሥራ አንድ ቀን ግን ይከብዳታል፤ እሷም መምህር ናት። አንቺ ምን ትያለሽ?»

እትዬ መስመር ወደ በሩ ዞረች። እሳቸው ከቀሩ ጠዋት ጠዋት ያንን መዝጊያ ለማን ብላ ትከፍታለች?

«እንግዲህ ጋሼ፣ ሰሌዳው እንደሚያዩት ነው» አለች።

መምህሩም አምነው ወደ ጋዜጣቸው ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ታናሽ ወንድሟ መሰላሉን ደጅ አቁሞ ገባ። ሥራው ፋይበር የሚባለውን ፈጣን የኢንተርኔት ገመድ በየቤቱ ማስገባት ነው፤ ሻይ የሚጠጣው ግን እህቱ ጋ ነው።

«ጋሼ ወድቀው ነበር አሉ» አለ። «ገመዱን እኮ በበራቸው በኩል የቀበርኩት እኔ ነኝ። ቢያስገቡት ምን አለ?»

«ይወደድባቸዋል።»

«አንድ ቀን ተኩል ነው በእናንተ ቆጠራ። ስንት ጊዜ ነገርኩሽ እቴቴ?» ወደ ሰሌዳው ቀረብ አለና ከት ብሎ ሳቀ። «አሥራ አንድ? የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ያሉት አንቺን አይተው ነው።»

«አንተ ሻይህን ጠጣና ሂድ።»

«እሄዳለሁ።» ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ሳቁ ግን ጠፋ። «ሰውየው አቀበቱን የሚወጡት ይህን አምነው ነው እንዴ?»

ብርጭቆውን አንስታ ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ዘነበ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ መምህሩ አልመጡም። እትዬ መስመር በሩ ላይ ወጥታ ቁልቁል አየች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እሳቸው ሲገቡ እንጂ አቀበቱን ሲወጡ አይታቸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከጠረጴዛዋ ጀርባ ነበረች። መምህሩ ከታች የመብራት እንጨቱን ተደግፈው ቆሙ። አሥር እርምጃ ሄደው ግድግዳ ያዙ። እንደገና ቆሙ፣ ጉልበታቸውን በታሰረው እጃቸው አሹ፣ ቀና ብለው የቀረውን አቀበት ለኩ። እትዬ መስመር ገብታ ጨርቅ አነሳች።

እሳቸው ሲገቡ ሰሌዳውን እየፈተገች ነበር። የቆየ ጠመኔ በደረቅ ጨርቅ አይለቅምና ጨርቁን በሻይ አርሳዋለች።

«የቱ አገር ተለወጠ?» አሉ መምህሩ።

«የእኛ፣ ጋሼ።»

አዲሱን ጻፈች። መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ።

«አንድ ቀን ተኩል። ከመቼ ጀምሮ?»

«እሱን አይጠይቁኝ።»

«ጠየቅሁሽ እኮ።»

«ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ትናንትም ሲጠይቁኝ እያወቅሁ ነበር።»

መምህሩ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የረጠበ ኮፍያቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ተማሪዎቼን መጀመሪያ ቀን የማስተምራቸው አንድ ነገር ነበር» አሉ። «ካርታ ስትገልጡ የቆማችሁበትን ፈልጉ፤ ሌላው ይቀላል። ታዲያ ጠመኔው በእኔ እጅ አልነበረም ወይ? ሠፈሬ ሲቆፈር በመስኮት አያለሁ። ልለካው ብል ማን ከለከለኝ? ከዚህ ወንበር መነሳት ፈርቼ ነው።»

«እንግዲህ ያስገቡት» አለች። «ወንድሜ ነገ ይመጣልዎታል።»

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሆነ። እትዬ መስመር በበሩ በኩል ያለውን ኮምፒውተር ከፈተች፣ የፊደል ገበታውን አቧራ አራገፈች፣ መልሳ ዘጋችው። ድሮ በዚህ ሰዓት እርስ በርስ «ስንት ደቂቃ ቀረህ?» የሚሉት ድምፆች ነበሩ። ስልኳ ጮኸ።

«አንቺ፣ ይህ ነገር እንዴት ነው የሚያዘው?» አሉ መምህሩ። «ጋዜጣውን ጨረስኩ። ለልጄ ጻፍኩ፣ መልሷም መጣ። ሰዓቴን ባይ ሦስት ከሃያ ነው። አንቺ ጋ እስከ ስድስት ያደርሰኝ ነበር። አሁን ምን ይሠራል?»

«እኔም እሱኑ ቁጭ ብዬ እያሰብኩ ነው።»

«ትንሽ ዝግታ አስቀርተሽ ከሆነ ከአንቺ እገዛለሁ።»

ሳቋ አመለጣት። «ጋሼ፣ ትርፍ ወንበር አለዎት?»

«ወንበርማ ሞልቷል። የሚቀመጥበት ነው የጠፋው።»

በሩን ቆለፈች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሰዓት ቁልቁለቱን ወርዳ አታውቅም፤ ጠዋት ጥላው በመንገዱ በየትኛው ወገን እንደሚያርፍ እንኳ አታውቅም ነበር። ትንሽ ቆማ ተመለከተች። በግራ ነበር።