ያልታጠበው አንጀት

ደብረ ብርሃን የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አከራዬ ትንሽ ዱለት ቤት ነበራቸው። በየጠዋቱ በግ ያሳርዳሉ። ስማቸውን ያስጠራው የአንጀት አጠባቸው ነው፤ እሳቸው ያጠቡትን ዝንብ እንኳ ዞር ብሎ አያየውም።

የመመረቂያ ሙከራዬም በአንጀት ላይ ነበር። እጃችንን የምናነሣው ወደን ነው፤ የአንጀት ጡንቻ ግን እኛን ሳያማክር ይሠራል። የነርቩ ጫፍ አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ሲለቅበት ይኮማተራል፤ አድሬናሊን ሲደርሰው ይላላል። ከበጉ ከወጣ በኋላም ሞቅ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ አየር እየተነፋለት ለሰዓታት ይቆያል። የእኔ ሥራ በነርቩ ፈንታ አሴቲልኮሊኑን ጠብ አድርጌ፣ አንጀቱ ሲኮማተር በመቅጃ መሣሪያው ወረቀት ላይ የሚሰመረው መስመር ከፍ ማለቱን ማሳየት ነው። ካልሆነልኝ ምረቃዬ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

አከራዬን ስንዝር አንጀት ለመንኳቸው፤ አንጀቱ የሚቆይበትን የጨው ውኃም በፔርሙዝ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ተቀብዬ ላብራቶሪ በረርኩ። ጠብ አደረግኩ፤ ምንም የለም። ጨመርኩ፤ መስመሩ እንደተጋደመ ቀረ። አሴቲልኮሊኑንም መሣሪያውንም ረገምኩ። መምህሬ አንጀቱን አውጥቶ አሸተተና «ሎሚ ሎሚ ይላል» አለ። ለካ አከራዬ ውኃዬን ደፍተው፣ እንደ ወጉ በፈላ ውኃ፣ በጨውና በሎሚ አጥበውልኛል። የነርቭ መልእክት መቀበሉ ቀርቶ ተቀቅሎ ነበር የመጣው። መምህሬ አንድ ቀን ብቻ ጨመረልኝ።

«እትዬ፣ ነገ ሳያጥቡ ይስጡኝ።»

«ከነፈርሱ?»

«ከነፈርሱ። እኔ እዚያ አለቀልቀዋለሁ።»

«ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች? ምን ይሉኛል፣ ልጄ?»

ተቆጡ። እኔም ግትር ነኝና «እንግዲያው አልመረቅም» ብዬ ክፍሌ ገባሁ። በማግስቱ ፔርሙዙን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው፣ ጎረቤት እንዳያይ ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ሰጡኝ። ዓይኔን እንኳ አላዩኝም።

ጠብ አደረግኩ። አንጀቱ ሰብሰብ አለ፣ መስመሩም ሽቅብ ወጣ። አድሬናሊን ሳስከትል ወረደ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መምህሬ «አለፍሽ» ብሎ ፈረመልኝ።

ደስታዬን ሳልጨርስ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። እጃቸውን ከድስቱ ሳያነሡ፣ «ከማን ቤት እንደመጣ ጠየቁሽ?» አሉኝ።

«አልጠየቁኝም።»

«እሰይ» አሉና፣ ያኔ ገና አቅፈው ሳሙኝ።