መብራት መጥፋትን የማያውቀው ማሽን

በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአብዱልወዱድ የኮምፒዩተር ጥልፍ ማሽን አንጎሉ ተቃጠለ። ሞተሩ ደህና ነው፤ መርፌውም ደህና ነው። የተቃጠለው ከጎኑ የተንጠለጠለው መቆጣጠሪያ ሲሆን መለዋወጫው ተፈልጎ ጠፋ። አብዱልወዱድ ከወሎ መጥቶ መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ስንቱን የሙሽራ ቀሚስ ያስዋበው በዚሁ ማሽን ነው። አሁን አሮጌ ማሽን የሚገዛው ኣባዲ በየሳምንቱ ብቅ እያለ፣ «እህ፣ ብረቱን ላንሳልህ?» ይለዋል።

እንዳ ኢየሱስ ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በኮምፒዩተር የተመረቀችው ልጁ ሩፋይዳ፣ «አባባ፣ እንዳትሸጠው። አዲስ አንጎል እሠራለታለሁ» አለች።

«ከምን?»

መዳፍ የማትሞላ ኮምፒዩተር አሳየችው። ገልብጦ አያትና፣ «ይቺ?» አለ።

ይቺ ትንሽ ኮምፒዩተር የራሷን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ለመገንባት አቅም የላትም። ስለዚህ ሩፋይዳ ሁሉንም በላፕቶፗ ላይ፣ ለትንሿ በሚገባት ቋንቋ እያዘጋጀች በሚሞሪ ካርድ ታሻግርላታለች። ለጥልፍ ድምፅ ምን ያደርጋል? ወጣ። ጌም ምን ያደርጋል? ወጣ። መርፌውንና ጨርቅ የሚወጥረውን ፍሬም የሚያዘው ብቻ ቀረ። ላፕቶፑ ግን የሠራውን ራሱ ሊያስነሳው አይችልም፤ ለሌላ ፕሮሰሰር የተሠራ ነውና።

«እንደ ረመዳን ወጥ በይኛ» አለ አባቷ። «ሠሪዋ ጨው አትቀምስም፤ ጉዱ የሚታወቀው ማግሪብ ላይ፣ ጾም ሲፈታ ነው።»

ከዚያ በኋላ ካርዱን በሰካች ቁጥር፣ «ማግሪብ ደረሰ?» ይላት ጀመር።

ጥር ሲገባ ማሽኑ ተነሳ። አብዱልወዱድ ደስ ብሎት የቀሚስ መስቀል ሊጠልፍበት ነጭ ጨርቅ ወጠረ፤ ኣባዲም ሊያይ መጣ። መስቀሉ ተጋምሶ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ማሽኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሌላ መስቀል ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ያውም በግማሹ ላይ።

ኣባዲ ጨርቁን አንስቶ አየው። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄንን ለቄሱ እንዳታሳዪ።»

ሩፋይዳ ጥፋቷ ወዲያው ገባት። ትንሿን ኮምፒዩተር ስትፈትናት የከረመችው ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አያይዛ ነው። ሰፈሩ ሲጨልም የላፕቶፑ ባትሪ ይመግባታል። ለመቀሌ ማሽን ሲስተም ሠርታ፣ ከመብራት መጥፋት ጋር አንድም ቀን አላስተዋወቀችውም!

«ቅዳሜ የኣምለሰት የሰርግ ቀሚስ ይጠለፋል» አለ አብዱልወዱድ። ኣምለሰት የጎረቤት ልጅ ናት። «ከተበላሸ ጨርቁን እኔ እተካለሁ፤ ማሽኑን ኣያ ኣባዲ ይውሰድ። ካማረ ይቀራል።»

ሩፋይዳ ሲስተሙን እንደገና ገነባችው። አሁን ከእያንዳንዱ ስፌት በኋላ መርፌው ያለበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ሲነሳም መጀመሪያ የሚያየው እሱኑ ነው። ከዚያ ቆጣሪው ሥር ቆማ መብራቱን ታጠፋ፣ ታበራ ጀመር። በዚያው ቆጣሪ የምትጠቀመው ልብስ ሰፊዋ ወይኒ ከጎን ጮኸች።

«ሩፋይዳ! ካውያዬን ልትገድዪው ነው?»

«እትዬ ወይኒ፣ አንዴ ብቻ!»

«ከጠዋት ጀምሮ አንዴ ብቻ!»

ቅዳሜ ኣባዲ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ መጣና በሩ ላይ ተቀመጠ። ኣምለሰት ቀሚሷን ሰጥታ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። መርፌው ደረቱ ላይ ያለውን አበባ ሲጠልፍ መብራት ሄደ። በዚህ ጊዜ ቆጣሪውን የነካ የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ነው የጠፋው።

«ፍሬሙን እንዳትነኩ!» አለች ሩፋይዳ።

ማንም አልነካም። ኣባዲ እጆቹን ኪሱ ከተተ። ወይኒ ከጎን ቤቷ ወጥታ፣ «አሁንስ እኔ አይደለሁም እንዳትዪ!» ብላ ከሩፋይዳ ጋር ልትጣላ ስትል መንገዱ ሁሉ መጨለሙን አይታ አብራ ቆማ ጠበቀች።

መብራት መጣ። ማሽኑ ጥቂት ዝም አለ። ፍሬሙ ንቅንቅ አለ፤ መርፌውም ወርዶ ያቋረጠውን ቅጠል ቀጠለ። ኣምለሰት እልል አለች።

ሥራው ሲያልቅ ኣባዲ መነጽሩን አድርጎ የቀሚሱን ደረት መረመረ፤ ገልብጦም አየው።

«የት ላይ ነበር የቆመው?»

«እኔም ጠፍቶብኛል» አለች ሩፋይዳ። «ማሽኑን ጠይቀው።»

ተሸካሚዎቹ ገመዳቸውን ጠቀለሉ። «እንግዲህ እኛ እንሂዳ» አለ አንዱ።

«ወዴት?» አለ አብዱልወዱድ። «ለሸክም አይደል የመጣችሁት? ያዙልኝ!»

ማሽኑን ከጓዳ አውጥተው፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው በሩ አጠገብ አስቀመጡት። አንዱን እግሩን የያዘው ኣባዲ ነበር።