ውሃው ቅርብ ነው ወይ? ያልኩበት ጽሑፍ

የአስረኛ ክፍል ውጤቴ ለመሰናዶ አልበቃም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚወራው ሁለት ነገር ብቻ ሆነ፤ ካርቱም ወይም ባል። እኔ ሁለቱንም አልፈለግሁም። እህቴ ካርቱም ሰው ቤት ትሠራለች። በደወለች ቁጥር «ቦታ አግኝቼላታለሁ፣ ሴትዮዋ ደህና ናት» ትላለች። እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች እኔን እያየች «እሺ፣ እሺ» ትላለች። እሺ ባይዋ እሷ፣ ሂያጇ እኔ። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልወድ ሰው ነኝ፣ ያገር ሰው ያውቀዋል። ቢሆንም መሄድ ሌላ፣ መወሰድ ሌላ።

ስለዚህ መተማ ወረዳ፣ ገንዳ ውሃ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት ሥራ ገባሁ። ኮምፒዩተር ቤት ስል ትልቅ ነገር አይምሰላችሁ። የአልጋ ቤት የፊት ክፍል ነው። ባለቤቷን እትዬ ነው የምላቸው። ከጓሮ አልጋ ያከራያሉ፤ ከፊት እኔ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። ጥግ ላይ ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒዩተር አለ። ሞባይል በየሰዉ ኪስ የገባበት፣ ኢንተርኔት ግን ገና ያልገባበት ጊዜ ነበር። መብራት ሲኖር መስመር የለም፤ መስመር ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ሁለቱም የተገናኙ ቀን ደግሞ ሙቀቱ ኮምፒዩተሩን ራሱን ያጠፋዋል።

ግንቦት ላይ አንድ የሞባይል ዕቃ ሻጭ መጣና ያንን ጥግ በክንዱ መለካት ጀመረ። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጫለሁ።

«እግርሽን ሰብሰብ አድርጊማ» አለኝ።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«መደርደሪያዬ ይበቃው እንደሁ ልይ።»

እትዬን ስጠይቃቸው አልደበቁኝም። «ኢንተርኔቱ የሚያመጣልኝ ነገር የለም፣ ልጄ። የሰሊጥ አጨዳው እስኪደርስ እንየው። ያኔም እንዲሁ ከሆነ ጥጉን ለሱ እሰጠዋለሁ።»

«እኔስ?»

«አንቺንማ እህትሽ ትፈልግሻለች ይሉ የለ?»

ከተማው ሁሉ አውቆልኝ ነበር ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ጥግ ለኔ ጥግ አልነበረም። ጥጉ ከተወሰደ እኔም ወደ ካርቱም እሄዳለሁ።

የእትዬ የእህት ልጅ ጎንደር ኮምፒዩተር ያስተምራል። ሊጠይቃቸው መጥቶ አንድ ሌሊት አድሮ ነበር፣ ያን ቀን ችግሬን ነገርኩት። እሱም ብሎግ ከፈተልኝ። «ለሥራ ወደ መተማ የሚመጣ ሰው ከመምጣቱ በፊት ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል» አለኝ። «ሲፈልግ እናንተን ካገኘ አልጋውም ይሞላል፣ አንቺም ትቀመጫለሽ። ግን ሁለት አንባቢ እንዳለሽ አትርሺ። አንዱ ሰው ነው፤ አንዱ የኢንተርኔቱ መፈለጊያ፣ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ቃል ያያል። ሰው የሚፈልግበትን ቃል ርእስሽ ላይ አስገቢ።»

በነጋታው በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ። እኔም ከምክሩ የያዝኩት ግማሹን፣ የማሽኑን ብቻ ሆነ። ምን ላድርግ፣ መናኸሪያ አጠገብ ያደግሁ ሰው ነኝ። መኪና እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ጎንደር ጎንደር ጎንደር» ይላል። አብዝቶ የጮኸ አብዝቶ ይሞላል። ኢንተርኔቱም እንደዚያው መሰለኝና ተንጠለጠልኩ። «መተማ አልጋ፣ ገንዳ ውሃ አልጋ፣ ጥሩ አልጋ በመተማ፣ የሰሊጥ ሥራ መተማ፣ መተማ ሥራ፣ ሰሊጥ ገንዳ ውሃ ሥራ አልጋ።» እንዲህ እያልኩ ገጹን ሞላሁት። ስጨርስ ጉሮሮዬ የደረቀ መሰለኝ።

እትዬ መነጽራቸውን ስላጡት ጓሮ ያደረ የጭነት መኪና ሾፌር ጠርተው «እስቲ አንብብልኝ» አሉት። ሾፌሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ትንሽ አነበበና ቀና አለ።

«ምን ይላል?» አሉት።

«እትዬ፣ ይቺን ልጅ ረዳት ባደርጋት መኪናዬ ባንድ ጊዜ ጢም ይል ነበር።»

«ጥሩ ነዋ?»

«ለመኪና ጥሩ ነው። ይሄ ግን የት እንደሚሄድ አላወቅሁትም።»

እትዬ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ብሎጉ ስንት ሰው እንደገባ ያሳይ ነበር፤ በየቀኑ እየገባሁ የማየው ጎብኚ እኔው ራሴ ነበርኩ። ለጎንደሩ መምህር ደወልኩለት።

«ጽሑፌን ላንብብልህ?»

«አንብቤዋለሁ» አለኝ። አነጋገሩ አናደደኝ።

«ማሽኑ ቃል ያያል አላልከኝም?»

«ያያል። ሰው ገብቶ ወዲያው ሲወጣም ያያል። ሰዉን ካባረርሽው ማሽኑም ያባርርሻል።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«የሚመጡት ሰዎች ምንድን ነው የሚጠይቁት?»

«ምን ይጠይቃሉ፣ ስንት ይከፈላል ነዋ።»

«ሰምተሽ ነው?»

አልሰማሁም። እዚያው ተወልጄ፣ በየክረምቱ ከደጋ የሚወርደው ሰው በደጃችን እያለፈ፣ አንድ ቀን ቆሜ ያዳመጥኩት አንድም ሰው የለም። ስልኩን ዘጋሁበት። የዘጋሁበት እውነቱን ስለተናገረ ነው።

በነጋታው በማለዳ የቀን ሠራተኛ ወደሚቀጠርበት ሜዳ ወረድኩ። ሰኔ ነው፤ ዝናብ ጥሎ አድሮ ዋልካው ጭቃ ጫማዬን ነጥቆ ያስቀራል። ከጎጃምም ከወሎም የመጣው ሰው ባገር ባገሩ ተሰብስቦ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ተናጋሪ አለው። ቀጣሪ ሲመጣ ሌላው አፉን አይከፍትም፤ ተናጋሪው ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ከአንድ የጎጃም ቡድን ጀርባ ቆምኩ።

አንዱ ዞር ብሎ አየኝና «አንቺ ደግሞ ልታርሚ ነው የመጣሽው?» አለኝ።

«ልሰማ ነው።»

«ወሬ ከሆነ ደሞዝ የለውም» አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው።

ያን ጊዜ የአንድ እርሻ ኃላፊ መጣ። ቡትስ ጫማው ጭቃ ለብሷል። ስንት ሰው እንደሚፈልግ ከመናገሩ ተናጋሪው ቀደመው።

«ውሃው ቅርብ ነው ወይ?»

«ውሃ አለ።»

«አለ ወይ አላልኩህም። ቅርብ ነው ወይ?»

ኃላፊው ወደ ሰማይ አየና «ከካምፑ ትንሽ ወረድ ይላል» አለ። ቡድኑ ውስጥ ጉርምርምታ ሆነ። ተናጋሪው ቀጠለ። የምናድርበት ራኩባ የሚሉት ዳስ ክዳን አለው ወይስ ሰማይ ይታያል? ማን ነው የሚያበስለው? ሰው ቢታመም በምን ይወጣል? ሒሳቡን የጠየቀው በመጨረሻ ነው፤ እሱንም እግረ መንገዱን ነው። ተስማምተው ሊነሱ ሲሉ ተናጋሪውን ጠጋ ብዬ ጠየቅሁት።

«ሒሳቡን ለምን መጨረሻ አደረግኸው?»

«እታለም፣ ሒሳቡማ ገበያ ነው፤ የዚህም የዚያም አንድ ነው። ሰው የሚዋሽሽ በውሃው ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ እየሮጥኩ ነበር። በጭቃ ውስጥ ሮጥኩ ማለት ግማሽ መንገዱን ወደቅሁ ማለት ነው። ግን አንድ ጠዋት አልበቃኝም፤ ሳምንቱን ሙሉ ወረድኩ። የወሎዎቹም ተናጋሪ ከውሃ ነበር የሚጀምረው። ከደብረ ታቦር አካባቢ የመጡትም እንዲሁ። አጎበር ይዘን እንምጣ ወይስ እዚያ አለ የሚል ጥያቄም ሰማሁ፤ ካቦው፣ ማለት የሥራው አዛዥ፣ ተናዳጅ ነው ወይ የሚልም።

ከዚያ በኋላ የድሮውን ጽሑፍ አጠፋሁትና እንደገና ተቀመጥኩ። ርእሱን «መተማ ለሰሊጥ ሥራ ልትሄድ ነው? ውሃው ቅርብ ነው ወይ ብለህ ጠይቅ» አልኩት። መተማም፣ ሰሊጥም፣ ሥራም ገብተዋል፤ ለማሽኑ ይበቃዋል፣ እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ከሰማ ሰምቷል። የቀረው ሁሉ ለሰው ነው። ከዚያ በታች ያለውን እያንዳንዱን ክፍል እነሱ በጠየቁበት ቃል ጀመርኩት። «ስታመም በምን እወጣለሁ?» ብዬ ከላይ እጽፍና ከታች የማውቀውን እመልሳለሁ፤ የማላውቀውን ሄጄ ጠይቄ እመልሳለሁ። ዝናብ ሲጥል ወደ ቋራ በኩል ወዳሉት እርሻዎች መኪና እንደማይገባ ጻፍኩ። በአጨዳ ጊዜ ክፍያው በቀን ሳይሆን በሂላ፣ ማለትም እንዲደርቅ በሚቆመው የሰሊጥ ክምር ሊሆን እንደሚችልና አስቀድሞ መነጋገር እንደሚሻል ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ወደኛ ቤት ደረስኩ። አልጋ አለን፤ ውሃ በርሜል ውስጥ ጠዋት ጠዋት ይሞላል፤ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን ይሞቃል፣ የሚተኛ ሰው ማታ ይግባ።

ይሄኛውን ሾፌሩ ሲያነብላቸው አላቋረጠም። ሻዩ ቀዘቀዘበት። ያቋረጡት እትዬ ናቸው።

«ጣራው ይሞቃል ብለሽ ጻፍሽ?»

«ይሞቃል እኮ፣ እትዬ።»

«መሞቁንማ እኔም አውቃለሁ። አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«የሚያድረው ሰው።»

ሾፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠና «እኔም ብጠየቅ ይሄንኑ ነበር የምለው» አለ። እትዬ ገላመጡት፤ ግን አጥፊው አላሉኝም።

ሐምሌ አለፈ። ጥቂት ሰው እየገባ ያነባል፤ አልጋ ብሎ የመጣ ግን የለም። ነሐሴ መግቢያ ላይ ዝናቡ መስመሩን ቆረጠው። ያ ሻጭ ደግሞ መደርደሪያውን በባጃጅ አስጭኖ መጣ። «ለጊዜው በሩ ላይ ትቀመጥልኝ» አለ። እትዬ ከበሩ ዞር ብለው ቦታ ለቀቁለት። እኔ የጠፋውን ኮምፒዩተር አቧራ እየጠረግሁ ዋልኩ። ማታ እናቴ ልብሴን አጥባ አጣጥፋ አገኘኋት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

መስመሩ ሲመለስ መጀመሪያ የደወለው የጎንደሩ መምህር ነው። «የመተማ ሰሊጥ ሥራ ብዬ ፈለግሁ። አንደኛ የመጣው ያንቺ ነው።»

ለእትዬ እየጮህኩ ነገርኳቸው። እሳቸው ሽንኩርት እየከተፉ «አንደኛ መውጣት አልጋ ይሞላል?» አሉ። ልክ ናቸው።

መልሱ መስከረም ላይ በጎንደር አውቶቡስ መጣ። በር ላይ ቆሜ ሳለሁ ሻንጣና ፌስታል የያዙ ወጣቶች ከመናኸሪያው ወጥተው ባለሱቁን ሲጠይቁት ሰማሁ።

«ጣራው የሚሞቀው አልጋ ቤት የትኛው ነው?»

ባለሱቁ «የዚህ አገር ጣራ የማይሞቀው የትኛው ነው?» አላቸው።

ሮጬ ሄድኩ። ተማሪዎች ነበሩ፤ ጎጃም ካለ ከተማቸው ለአጨዳ የወረዱ። አንደኛው ከኪሱ ታጥፎ ታጥፎ ጠርዙ የተበላ ወረቀት አወጣ። ጽሑፌ ነው። አገራቸው ያለው ኮምፒዩተር ቤት አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፤ እነሱም ኮፒ አስነስተው ይዘውት መጡ።

«የጻፈው ሰውዬ አለ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ቧ! እኛ እኮ ወንድ መስሎን።»

«ምነው፣ ውሃ የሚጠማው ወንድ ብቻ ነው?»

ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ግን አልተቀየመም። «ሌላውማ ሁሉ ገነት ነው ይላል» አለ። «ይሞቃል ያልሽው አንቺ ብቻ ነሽ። እሱን ካልደበቅሽ ሌላውንም አልዋሸሽም ብለን ነው የመጣነው።»

ይህን ሲል እትዬ ከኋላዬ ቆመዋል። ቁልፎቹን አወጡና ወደ ጓሮ መሯቸው። ከእነሱ በኋላ ሌሎች መጡ። ወረቀቱን የያዘም መጣ፣ ወረቀቱን ካየ ሰው የሰማም መጣ። አልጋው አልቆ ጓሮ ውስጥ ራኩባ አስተከልን፤ ክዳን ያለው። ያንን ራሴ ቆሜ ነው ያሠራሁት። ባገራቸው ላለ ሰው መልእክት መላክ የሚፈልጉ ደግሞ ኢንተርኔቱ ላይ ተሰለፉ፤ እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ተራ አስከብራለሁ።

ሻጩ ሲመጣ እትዬ በር ላይ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ይቺን መደርደሪያህን ውሰድልኝ። ሰው እያደናቀፈች ነው።»

«ጥጉስ፣ እትዬ?»

«ጥጉ ሰው አለበት።»

ያን ሰሞን እህቴ ደወለች። እናቴ እንደ ልማዷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ አየችኝ። «አይ፣ አትመጣም» አለቻት። «ሥራ አላት።» ሥራ ብላ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው። እኔም እንዳልሰማ ሆኜ ጫማዬን አሠርኩ፤ ደስታዬን ብታየው ትኩራራለች ትል ነበር።

ሰሊጡ ተወቅቶ መኪናዎቹ መመላለስ ሲጀምሩ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ወደ ቤታችን መጣች። ከበረሃ የሚመለሰው ሠራተኛ ትኩሳት ይዞት እየዘገየ እንደሚመጣ ነገረችኝ። «ስለ አሸዋ ዝንቡና ዝንቡ ስለሚያመጣው የካላዛር በሽታ ጻፊልን። ሰው ያንቺን ያነባል አሉ። እኔ የምትጽፊውን እነግርሻለሁ።»

«የምጽፈውን ትነግሪኛለሽ» አልኳት። «መጀመሪያ ግን እነሱ የሚጠይቁትን ልስማ። ጤና ጣቢያው ላይ ሰልፉ መቼ ነው የሚበዛው?»

«ጠዋት ነው። ግን እዚያ መቀመጫ የለም።»

«ቆሜ እሰማለሁ» አልኩና ኮምፒዩተሩን ለእትዬ አደራ ብዬ አብሬያት ወጣሁ።