ከ«አለቀ» በኋላ የሚነሣው ፎቶ

የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የላምባ ምድጃ ፈነዳባት። እሳቱ ግራ ጉንጯንና አንገቷን በላው። ብዙ ወራት ሆስፒታል ተኝታ፣ ተስፋ ተቆርጦባት፣ ዳነች። ቤት ስትመለስ ግድግዳው ላይ የነበረው መስተዋት የለም፤ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። እናቷ ደብቀውት ነበር። ልጅቱ ግን ሚስማሩን አይታ ነገሩ ገባት።

በዓመቱ ትምህርት ቤት ፎቶ አንሺ መጣ። ልጆቹ በቁመት ተሰለፉ። እሷ አጭር ስለነበረች ፊት ቆመች። ሰውየው መጣና ትከሻዋን ይዞ ወደ ኋላ ወሰዳት፤ ከረዥሙ ልጅ ጀርባ አቆማት። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ከእሷ የሚታየው የፀጉሯ ሪባን ጫፍ ብቻ ሆነ። አላለቀሰችም፣ ፎቶውንም አልቀደደችውም። ለእናቷ ግን «ሳድግ ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ያዘችውም።

እኔ ያወቅኋት በአውቶቡስ ድርጅት ሾፌር ሆኜ ስሠራ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ ቃል ማስዋብ አልችልበትም፤ ያየሁትን ግን በትክክል አስታውሳለሁ። እሷ የሠራተኛውን የመታወቂያ ፎቶ ታነሣ ነበር። ከጋራዡ ጎን ጠባብ ክፍል አላት፤ ሰፊ መስኮት፣ ከኋላ የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ በርጩማ። በርጩማውን ሊያንቀሳቅስ የሞከረ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ብርሃኑ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። አንተ ወደሱ ሂድ እንጂ እሱ ወዳንተ አይመጣም።»

በመታወቂያ ፎቶ መሳቅ ክልክል ነው። ሁላችንም ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ኮስተር ብለን እንቀመጣለን። ታነሣናለች። ከዚያ «በቃ፣ አለቀ!» ትላለች። የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ይለቃል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ቀልድ ይጀምራል። ይሄኔ ቀጭ! ሁለተኛ ታነሣዋለች።

«አለቀ አላልሽም እንዴ?»

«የድርጅቱ አለቀ፤ ይቺ የኔ ናት።»

ስሟ «እትዬ አለቀ» ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ሁለተኛዎቹን ፎቶዎች እያሳጠበች በብስኩት ቆርቆሮ ታስቀምጣቸዋለች። ራሷ ግን ጉንጯን በሻሽ ሸፍና ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ናት። በገዛ መታወቂያዋ ላይ እንኳ የፎቶው ቦታ ባዶ ነበር። ጥበቃዎቹ «አንቺን የማያውቅ ማን አለ» እያሉ ያሳልፏታል።

አንድ ቀን ድርጅቱ ገጽታውን ሊያድስ ተነሣ። የአውቶቡሱ ጎን፣ ትኬቱ፣ ፌርማታው፣ ሁሉም ሊቀየር ነው። የሠራተኛ ተወካዮች ተብለን ስብሰባ ገባን። አንዲት ወጣት ዲዛይነር ኮምፒውተሯን ከፍታ የሚሸጡ ፎቶዎች አሳየችን። የሚያማምሩ ሰዎች፣ ጥርሳቸው በረዶ የመሰለ፣ አውቶቡስ ውስጥ ይስቃሉ።

«እነዚህ ሰዎች አውቶቡስ ጠብቀው ያውቃሉ?» አለ ትኬት ቆራጩ።

ዲዛይነሯ ራሷ ሳቀች። «አያውቁም! በሩንም እዩት፣ በተቃራኒ በኩል ነው፤ ተሳፋሪው ከመንገድ መሀል ሊሳፈር ነው። እነዚህን ያመጣሁት ፎቶ የሚገባበትን ቦታ እንድታዩት ነው። ገጽታ ማለት ዓርማና ቀለም ብቻ አይደለም። ሰው ስማችሁን ሳያነብ ፎቶውን አይቶ ‹ይሄ የነሱ ነው› ማለት አለበት። ስለዚህ ፎቶዎቹ የአንድ እናት ልጆች ይምሰሉ፤ ብርሃናቸው አንድ፣ ርቀታቸው አንድ፣ ስሜታቸው አንድ። የራሳችሁን ሰዎች አምጡልኝ።»

«እስከ አርብ ከመጣ ጥሩ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ካልመጣ የተገዛው ይለጠፋል፤ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቀንም።»

ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። ስብሰባው ሳያልቅ ወጥቼ እትዬ አለቀን ከነቆርቆሮዋ ይዣት መጣሁ። ዲዛይነሯ ፎቶዎቹን ወለል ላይ ዘረገፈቻቸው፤ ጫማዋን አውልቃ በመሀላቸው በጉልበቷ ትሄድ ጀመር። አንዱን ታነሣለች፣ ከሌላው ጎን ታስቀምጣለች፣ «ወይኔ!» ትላለች። አንድ መስኮት፣ አንድ በርጩማ፣ ያቺው ትንፋሽ የምትለቀቅባት ቅጽበት። የአንድ እናት ልጆች!

«ማን ነው ያስተማረሽ?»

«መስኮቱ» አለች እትዬ አለቀ።

ከሁሉም መሀል ዲዛይነሯ አንዷን ይዛ ቀረች። አውቶቡስ የሚያጥቡት እማማ ሻወር ናቸው። ፊት ለፊት ሁለት ጥርስ የላቸውም፤ ሲስቁ ሁልጊዜ እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። እዚህ ፎቶ ላይ እጃቸው ተነሥቷል፣ ግን ገና አልደረሰም። ሳቁ ደርሷል።

«ይቺ ግንባር ቀደም ናት። ሌሎቹ የሚከተሉት እሷን ነው። ይቺ ከሌለች ግን ሌሎቹም አይቆሙም፤ የተገዙትን ነው የምንለጥፈው» አለች።

እትዬ አለቀ ፎቶዎቹን ሰበሰበች። «ሳያውቁ ነው ያነሣኋቸው። ሳያውቁ ግን አይለጠፉም» አለችና ቆርቆሮዋን ታቅፋ ወደ ጋራዡ ሮጠች። አዎ፣ ሮጠች። እኔም ከኋላዋ።

መካኒኩ ከአውቶቡስ ሥር ብቅ አለ። «ግንባሬ ላይ ያለውን ዘይት ታጠፊልኛለሽ?»

«አላጠፋም።»

«እንግዲያው ለጥፊው! ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ ስላት ሚስቴ አላመነችኝም ነበር።»

ትኬት ቆራጩ ደግሞ «በአማቴ ሰፈር በሚያልፈው ላይ ካደረግሽኝ እሺ» አለ። «በየቀኑ ታየኝና ይለይላት!»

እሺታው እየተከታተለ መጣ። አርብ ጠዋት የቀሩት እማማ ሻወር ብቻ ነበሩ። ማጠቢያው ግቢ የውሃ ጎማውን ይዘው አገኘናቸው። ፎቶውን አዩት፣ እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ።

«ድዴን አውቶቡስ የሚያህል አድርገሽ ልትዞሪበት? አይሆንም፣ ልጄ!»

ሌላ ሰው ቢሆን ይለምናቸው ነበር። እኔ ራሴ አፌን ልከፍት ስል እትዬ አለቀ ገላመጠችኝ። «እሺ፣ እማማ» አለችና ፎቶውን በእጃቸው ትታ ዞረች። በቃ፣ የተገዙት ሰዎች ሊለጠፉ ነው አልኩ በልቤ።

«ነይ እስቲ!» አሉ እማማ ከኋላ። «ከዚህ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ያንቺ የታል?»

«እኔማ አንሺ ነኝ፣ እማማ።»

«እኔም አጣቢ ነኝ። አጣቢ ገላውን አይታጠብም? አንቺ በርጩማው ላይ ከተቀመጥሽ፣ እኔም አውቶቡሱ ላይ እወጣለሁ። ካልሆነ እንዳልተነጋገርን።»

እትዬ አለቀ እጇ ሻሿ ላይ ደርቆ ቀረ። ከጎማው ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄደች። መካኒኩ መፍቻውን ጥሎ ተከተለን፣ ትኬት ቆራጩም፤ በሩ ላይ ተጋፋን።

ተቀመጠች። እንደኛው ኮስተር ብላ! እማማ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከካሜራው ጀርባ ቆሙ።

«የቱን ነው የምጫነው?»

«በቀኝ በኩል ያለውን፣ እማማ።»

ቀጭ። እማማ ቀና አሉና ጋራዡ እስኪሰማ «በቃ፣ አለቀ!» ብለው ጮኹ።

ሰውን ሁሉ በዚህች ቃል ስትይዝ የኖረች ሴት ራሷ ተያዘች። ትንፋሿን ለቀቀች፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወረደ፣ ሳቋ መጣ። ቀጭ!

«አለቀ አላሉም እንዴ?»

«የድርጅቱ አለቀ፤ ይቺ የኔ ናት!» አሉ እማማ፣ አፋቸውን ሳይሸፍኑ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ያን ዕለት ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየ። የእትዬ አለቀን ሲያይ ቆየት አለ፤ ዲዛይነሯም ወደ እትዬ አለቀ ዞራ «ያንቺንስ ልለጥፈው?» ብላ ጠየቀቻት።

«የሌላውን እሺታ ሳስስ ከርሜ የራሴን ልከለክል ነው? ለጥፊው።»

አዲሶቹ አውቶቡሶች በወጡበት ጠዋት እማማ ሻወርን በጎኑ የያዘውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ፌርማታ በደረስኩ ቁጥር የሚጠብቀው ሰው ቀና ይላል፣ እማማን ያያል፣ ሳያስበው ይስቃል። እየሳቀ ይገባል። ከዚያ በፊት እየሳቀ የተሳፈረብኝ ሰው ትዝ አይለኝም።

የእትዬ አለቀ ፎቶ በሌላ መስመር ነበር። ትንሿ ቅጂ ግን፣ መሳቅ ክልክል ቢሆንም፣ በመታወቂያዋ ባዶ ቦታ ላይ ተለጠፈች፤ ጥበቃዎቹም ለክብሯ ሲሉ በየጠዋቱ «መታወቂያ!» ይሏት ጀመር።

ጡረታ ከወጣን በኋላ በሥራ ዘመንሽ ካደረግሽው ሁሉ የሚበልጥብሽ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ አለችኝ፦

«መጠየቄ። ያን ቀን ቆርቆሮዬን ዝም ብዬ ሰጥቼ ቢሆን እማማ ጋ አልሄድም ነበር፤ እማማ ጋ ባልሄድ ደግሞ ማንም ነይ ተቀመጪ አይለኝም ነበር። ያ የትምህርት ቤት ሰውዬ ትከሻዬን ይዞ ሲወስደኝ አልጠየቀኝም። ጠይቆኝ ቢሆን፣ ማን ያውቃል፣ እኔው ራሴ ኋላ ልቆም እችል ነበር። ግን አልጠየቀኝም።»