ስለቱ አንቺ ነሽ

ቤንዚንና ሎሚ አንድ ላይ ሲሸተኝ ዛሬም ልጅነቴ ይመጣብኛል። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እንዳያስመልሳት ሎሚ ቆርጣ ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋ፣ የልጆች እናት መሆኔ ይቀርና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ኮልፌ አባቴ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ እህቴ ትብለጥ ከትንሿ ሰይቸንቶ ታክሲ መስኮት ሎሚዋን እያሸተተች ስታየኝ ይታየኛል፤ ያ የጥንቱ ቅናትም ተመልሶ ይመጣል።

ጊዜው የጃንሆይ መጨረሻ ነበር፤ መጨረሻ መሆኑን ግን የሚያውቅ አልነበረም። አባባ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ኮልፌ የከተመ፣ ዛሬ አስራ ስምንት ማዞሪያ ከሚባለው ዝቅ ብሎ በአንዲት ጠባብ ሱቅ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና መርፌ የሚሸጥ ሰው ነበር። እማዬ የአምቦ ልጅ ናት። እኛ ልጆቹ ሁለት ነበርን፤ እኔ የሺና በሁለት ዓመት የምታንሰኝ ትብለጥ። ስሟን ያወጣላት አባባ ነው። አንድ ቀን «ከማን ነው የምትበልጠው?» ብዬ ብጠይቀው፣ ስቆ ራሴን ዳበስ አደረገኝና ወደ ደንበኛው ዞረ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከእሷ ሌላ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ስለዚህ መልሱን ራሴ አገኘሁት።

በዚያ ክረምት ሁለታችንንም ኩፍኝ ያዘን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣ ብርሃን እንዳይገባብን መስኮቱ በቡሉኮ ተጋርዶ፣ ጎን ለጎን ተኝተን ከረምን። እኔ በአራተኛው ቀን ተነስቼ ከቦኖ ውኃ ቀዳሁ። ትብለጥ ግን ዓይኗ ተጣብቆ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ አንድ ሳምንት አልፏት ሁለተኛው ገባ፤ የጎረቤት ሴቶችም እየገቡ ከንፈራቸውን ይመጥጡ ጀመር። ያን ጊዜ ነው እማዬ ተንበርክካ፣ «ቂርቆስዬ፣ የእናትና የልጅን ነገር አንተ ታውቃለህ፤ ይቺን ልጅ አትርፍልኝና ወንጪ ድረስ ይዣት መጥቼ ጥላ አስገባለሁ» ብላ የተሳለችው። ወንጪ ከአምቦ በላይ ተራራ አናት ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ መካከሉ ደሴት አለው፤ ደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እኔ ባልዲ እንደያዝኩ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ለእኔም አንድ ነገር ትሳልልኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ።

«የሺ፣ በሩን ዝጊው፤ ነፋስ ይገባባታል» አለችኝ።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲደርቅ ትብለጥ ድና እንደ ጥጃ ትፈነጭ ጀመር፤ የቤታችንም ወሬ ሁሉ ወንጪ ሆነ። አባባ ከአገሩና ከሱቁ በቀር የትም ደርሶ የማያውቅ ሰው፣ ስለቱን ሰበብ አድርጎ አገር የማየት ፍቅር ያዘው። ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ፣ ቁልፍ ተሰፍቶበት የሚመጣውን ካርቶን ገልብጦ ጭኑ ላይ ያደርግና፣ ለየከተማው አንድ አንድ ቁልፍ እየሰፋ መንገዱን ይሠራ ነበር። ለቡራዩና ለሆለታ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ለአዲስ ዓለም ነጭ የሚያብረቀርቅ፣ ለጊንጪ ቡናማ፣ ለአምቦ ባለ አራት ቀዳዳ የኮት ቁልፍ፤ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ደግሞ ለሐይቁ ትልቅ አረንጓዴ የካፖርት ቁልፍ። ከዚያ ክሩ ይዞርና በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በሰበታ አድርጎ ኮልፌ ይመለሳል።

«በሄዱበት መመለስ ምን ይጣፍጣል?» ይል ነበር። «በአምቦ ሄደን በወሊሶ! ሁለት አገር በአንድ ጉዞ!»

«ስለት ነው ሽርሽር?» ትለው ነበር እማዬ። «አንተ ሰው፣ ቂርቆስ እንዳይታዘብህ።»

«ቂርቆስስ ቢሆን ያን ሐይቅ መርጦ የተቀመጠው አገሩ አምሮት አይደል?»

እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ትብለጥ በዚያን ሰዓት ተኝታለች፤ መንገዱን የማጠናው እኔ ነኝ። ከቡራዩ እስከ ሰበታ ያሉትን ቁልፎች ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እየዳበስኩ አንድ ሳልስት እጠራቸው ነበር። መንገዱን እንደዚያ ያወቀ ሰው ይቀራል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ኅዳር ላይ መኪና ተገኘ። የአባባ ወዳጅ ጋሽ ሽፈራው ታክሲ ነጂ ነበር፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባች ሰይቸንቶ ነበረችው። እናቱን እማማ ወርቄን ጠበል የምታደርሱልኝ ከሆነ እኔው ራሴ እነዳለሁ አለ። አባባ ደስ ብሎት ለየተሳፋሪው አንድ አንድ ቁልፍ ይደረድር ጀመር፤ ከፊት ጋሽ ሽፈራውና እሱ፣ ከኋላ እማዬ፣ እማማ ወርቄ፣ ትብለጥ። አምስተኛውን አስቀምጦ እጁ ቆመ።

«የሺስ?» አለ።

ጋሽ ሽፈራው ሳቀ። «ወዳጄ፣ እናቴን አይተሃታል አይደል? እሷ ከተሳፈረች በኋላ አንዲት ዶሮ ብትጨምሩባት ይቺ መኪና ዳገቱ ላይ ቁጭ ነው የምትለው።»

«የሺ ጎበዝ ናት» አለች እማዬ። «ትልቅ ልጅ ናት፤ እትዬ ዘነበች ጋ ትቆይልኛለች።» እትዬ ዘነበች የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ጎበዝ የሚለውን ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠላሁት።

ታኅሣሥን በሙሉ ጋሽ ሽፈራው እሑድ እሑድ እየመጣ፣ መኪና እንድትለምድ ብሎ ትብለጥን እስከ ማዞሪያው ወስዶ ይመልሳት ነበር። አዲስ ሸራ ጫማ ተገዛላት። እንዳያጥወለውላት ሎሚ ይሰጣታል፤ ሎሚውን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። አቧራውን እያስነሱ ሲሄዱ ደጃፉ ላይ ቆሜ፣ ምነው ያን ጊዜ እኔም ሁለት ሳምንት በተኛሁ፣ ምነው እንደ እሷ በሞትኩና በዳንኩ እል ነበር። ይሄን ዛሬ እናት ሆኜ ሳየው ሌላ ነው።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ ግድግዳው ላይ የቂርቆስን ሥዕል አየሁ፤ እናቱ ኢየሉጣ ሕፃኑን አቅፋ፣ በሚፈላ ውኃ ጋን ውስጥ ቆማ። አንድ ሐሳብ እንደ መብረቅ ብልጭ አለልኝ። ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ እግራችንን ስንታጠብ ጀመርኳት።

«ስለት ማስገባት ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ጥላ ነዋ።»

«ጥላውማ ለፀሐይ ነው። ስለቱ አንቺ ነሽ። ማስገባት ማለት ሐይቁ ውስጥ ማስገባት ነው።»

«ውሸትሽን ነው!»

«ሥዕሉን አላየሽም? እናትየዋ ልጇን ይዛ ውኃ ውስጥ ገብታ የለ? ታዲያ እኔን የማይወስዱኝ ለምን ይመስልሻል? ለእነሱ ልጅ ሆኜ የምቀረው እኔ ነኛ። ለእማዬ ከነገርሽ ደግሞ ነገውኑ ይወስዱሻል።»

እግሯን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች አየችው፤ ቀስ ብላ አወጣችው።

ከዚያ ወዲያ ምግብ አልበላ አላት። እማዬ በሽታው ተመለሰ ብላ ደንግጣ እንቁላል ትጠብስላት፣ እቅፏ ውስጥ ታስተኛት ጀመር፤ እኔም ይሄን እያየሁ፣ ያደረግኩት ራሴ መሆኔን እያወቅኩ፣ ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም።

የጥር ቂርቆስ ዋዜማ ማለዳ ሰይቸንቶዋ ደጃፍ ላይ ጡሩምባዋን ነፋች። ትብለጥ የቤቱን ምሰሶ በሁለት እጇ አቅፋ «አልሄድም! አልሄድም!» እያለች ጮኸች። አባባ ለመናት፤ እማዬ ቆነጠጠቻት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቢያላቅቁ እንደገና ትይዛለች። እማማ ወርቄ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ሁሉንም ሲሰሙ ቆዩና በመስኮቱ ብቅ አሉ።

«ተዋት እቴ፣ ቂርቆስ በግድ አይወድም። ትልቋን ጫኗትና በታናሿ ስም ይጸለይላት፤ እዚሁ ይደርሳታል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። የትብለጥን ጫማ አደረግኩ፤ ጣቴን ቢያጥፈውም አደረግኩት። ልሳፈር ስል ትብለጥ ምሰሶውን ለቃ፣ ልቅሶዋን አቁማ፣ ዓይኗን አፍጥጣ «የሺ፣ አትሂጂ» አለችኝ። ቀናች ብዬ ደስ አለኝ።

ቡራዩ አለፈ፤ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ አለፉ፤ አባባ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁልፎቹን በጣቱ እየነካ ከተሞቹን ይጠራል። ሎሚውን እኔ ያዝኩት። ከአምቦ ወዲያ መንገዱ ከፍቶ እማማ ወርቄ በየዳገቱ «በስመ አብ» እያሉ፣ መኪናዋን አንድ መንደር አቁመን በእግር ወጣን፤ ከአፋፉ ላይ ቁልቁል ስናይ ሐይቁ ታየ። አረንጓዴ አልነበረም፤ ደመና ሲያልፍበት ይጠቁራል፣ ሲሄድለት ይነጣል። አባባ ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘው።

በማግስቱ በታንኳ ተሻግረን ንግሡ ላይ ደረስን። እማዬ ጥላውን ስታስረክብ አንድ ሽማግሌ ቄስ «የተሳላችሁላት ይቺ ናት?» አሉና መስቀላቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «የክርስትና ስሟ ማነው?»

«ወለተ ቂርቆስ» አለች እማዬ። የትብለጥ ስም ነው። የእኔ ወለተ ሥላሴ ነው፤ የጠየቀኝ ግን የለም። ቄሱ ወለተ ቂርቆስን ማርልን፣ ጠብቅልን፣ አሳድግልን እያሉ ረጅም ጸሎት አደረሱ፤ መስቀሉ የእኔ ራስ ላይ ከብዶ ተቀምጧል፤ ጸሎቱ ግን እኔን እንደ ድልድይ ረግጦ ኮልፌ ሲሻገር ተሰማኝ። እዚያ ድረስ ሄጄም የእሷን ነበር የተሸከምኩት።

በወሊሶ ተመለስን። አባባ የሚያሳየኝን ዛፍና ተራራ አላየሁለትም። ኮልፌ ስንደርስ ትብለጥ ከእትዬ ዘነበች ቤት በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ፣ እማዬን አልፋ፣ አባባን አልፋ፣ እኔ ላይ ተጠመጠመች፤ ፀጉሬን ትዳብሳለች፣ ልብሴን ታሻለች፤ እርጥብ እንደሆነ እያየች ነው።

«ምን እንደነካት እንጃ» አሉ እትዬ ዘነበች። «እህል አልቀመሰችም። ‹የሺ በእኔ ፈንታ ሄደች› እያለች ሁለት ቀን ሙሉ ስታነባ ነው የዋለችው።»

እማዬ ደስ ብሏት «ፍቅራቸው!» አለች። ትብለጥ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «አወጡሽ?» አለችኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዳቦዋን ሳታካፍለኝ በልታ አታውቅም።

ይኸው ዓመታት ሄዱ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ እዚሁ ኮልፌ ቀረሁ፤ ትብለጥ ተማረች፣ ሳንሱሲ ሰፈር ቤት ሠራች፣ መኪና ገዛች። እኔም ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቋ ታናሿን የምታይበትን ዓይን አንዳንድ ጊዜ ሳየው አውቀዋለሁና፣ የሁለቱን ሳቅ ከጓዳ ስሰማ እንኳን ሥራዬን ጥዬ እሄዳለሁ። ሰው ፈሪ ይለኛል፤ ይበል።

ባለፈው ትብለጥ መጥታ ልጆቹን ወንጪ እንውሰዳቸው፣ መንገዱ አሁን ጥሩ ሆኗል፣ በአምቦ ሄደን በወሊሶ እንመለስ አለች። ልጆቼንም ሰብስባ «እናታችሁ በዘጠኝ ዓመቷ ለእኔ ልትሞት የሄደች ሰው ናት» ብላ ጀመረች። አላስቻለኝም፤ ጓዳ ጠርቼ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፤ ሥዕሉን፣ የእግር ውኃውን፣ ቅናቴን። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ጉንጬን ሳመችኝ።

«አንቺ እኮ ሲያመሰግኑሽ ታፍሪያለሽ፤ ለዚህ ብለሽ ራስሽን ታከፊያለሽ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና በአንድ ቃል ውሸቴን አመነችኝ፤ ዛሬ ተምራ፣ ዓለምን አይታ፣ እውነቱን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብነግራት አላምንም አለች። ይቅር በይኝ እንዳልላት፣ አልበደልሽኝም ትለኛለች።